እንሽላሊቷ በምን ትሞቃለች?

ግንቦት 12 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ነቀምት

ዛሬ በገዛ ክፍሌ ውስጥ ተዋረድኩ። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የሳይንስ መምህሩ ለሕክምና አዲስ አበባ ከሄደ ወዲህ ግን ዳይሬክተሩ «ገብረኪዳን፣ አንተም የተማርክ ሰው ነህ» ብሎ ሳይንሱን ጫነብኝ። የተማርኩትማ ስለ ወንዞች ነበር።

ትምህርቱ ስለ እንሽላሊትና ስለ ገበሎ ነው። «ደማቸው ቀዝቃዛ ነው፤ ሙቀት የሚለምኑት ከፀሐይ ነው፤ ፀሐይ ከሌለች ከድንጋይ አይሻሉም» ብዬ በልበ ሙሉነት ተናገርኩ። ከኋላ ወንበር ላይ የክሊኒኩ ነርስ ዓባይነሽ ተቀምጣ ነበር። ስለ ጥፍርና ስለ ቅማል ልታስተምር መጥታ ተራዋን ትጠብቃለች። እጇን አወጣች።

«ይቅርታ መምህር። እኛ ቤት ኮርኒሱ ላይ አንዲት እንሽላሊት አለች። ቀን ወጥታ አታውቅም፤ የምትወጣው ፋኖስ ሲለኮስ ነው። ፀሐይ ካላየች በምን ትሞቃለች?»

ልጆቹ ዞረው እኔን አዩኝ። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንመለስበታለን» አልኩ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» የሚል አስተማሪ መልሱን እንደማያውቅ እኔም ተማሪ ሳለሁ አውቅ ነበር።

ግንቦት 14

ስለ ዓባይነሽ እዚህ ደብተር ላይ አልጽፍም ብዬ ነበር። ላገባት እፈልጋለሁ። ይኸው ተጻፈ። ባኬ ጃማ ሰፈር የሚኖሩት የኦቦ ዋቅወያ ልጅ ናት። ሰውዬው የሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ሲያስሉ እንኳ የሚጸልዩ ይመስላል። ሐሳቤን ለማንም ሰው አልተነፈስኩም።

ዛሬ ጠዋት አከራዬ እትዬ ሸዋርጋ ቁርስ ሲያቀርቡልኝ፣ «ያቺ ነርስ ደህና ናት? ጾም የማታውቅ መሆኗ ነው እንጂ ልጅቷስ ጨዋ ናት» አሉ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

ግንቦት 20

ክሊኒክ ሄድኩ። ለሳይንስ ሥራ ቴርሞሜትር እንደሚያስፈልገኝ ለዓባይነሽ አስረዳኋት። «ለእንሽላሊቷ ነው?» አለችኝ፤ አልሳቀችም፤ አፏን በእጇ ይዛ ነበር ግን። ወደ ውስጥ ገብታ ብዙ ቆየች። ይዛ የወጣችው ቴርሞሜትር ጫፉ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል።

«ክሩ ለምንድነው?»

«እንዳይጠፋ ነው። ጠዋት ጠዋት ይመልሱልኝ፤ ንብረት ነው። ሲፈልጉ ደግሞ መጥተው ይወስዳሉ።»

ለዕቃ እንዲህ የምትጠነቀቅ ሴት አይቼ አላውቅም።

ሰኔ 2

ከፋኖሱ በላይ አንዲት እንሽላሊት ያዝኩ። ጅራቷን እጄ ላይ ጥላልኝ ሸሸች፤ ቀድሜ ያዝኳት። ሰው እንደሚለካው በብብቷ ሥር አደረግሁላት። የቴርሞሜትሩ ባዜቃ ንቅንቅ አላለም። ጠበቅሁ። አሁንም የለም። በሳይንስ ዓይን ሲታይ ሞታለች ማለት ነው። ይህን ስጽፍ ግድግዳውን ወጥታ ጨርሳለች።

ጠዋት ቴርሞሜትሩን መለስኩ። ዓባይነሽ የራሷን መሳቢያ ከፍታ አስገባችና ቆለፈችበት።

ሰኔ 9

በድንጋዩ አጥር ላይ የሚኖረውን ገበሎ በሰንበሌጥ ሸምቀቆ ያዝኩት። ነከሰኝ። ለሳይንስ ስል ታገስኩ። ጠዋት ከሰል መስሎ ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ፀሐይዋን በሆዱም በጀርባውም የሚጠጣ ይመስላል። ቀትር ላይ ግን ቆዳው ነጣ፤ በእግሮቹ ብድግ ብሎ ሆዱን ከጋለው ድንጋይ አራቀ፤ ሲብስበት ወደ ጥላ፣ ሲበርደው ወደ ፀሐይ። የለካሁት እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ሠላሳ ስድስት ከምናምን። ከእኔ እኩል ነው!

እንግዲህ ቴርሞሜትሩ ደህና ነው። ችግሩ ያለው እንሽላሊቷ ላይ ነው።

ሰኔ 18

ጠዋት ዕቃውን ክሊኒክ በር ላይ ለዓባይነሽ አቀብዬ ገና ሳልሰናበት ኦቦ ዋቅወያ ብርድ ልብስ ተከናንበው በበቅሎ መጡ። ወባ ነው። ዘልዬ ከበሩ ኋላ ገባሁ። በዚህ አገር ሴት ልጅ ለማግባት የሚፈልግ ሰው ከአባትየው ፊት ይሸሸጋል፤ መንገድ ላይ እንኳ ቢያያቸው አቅጣጫ ይለውጣል። ከበሩ ስንጥቅ ያየሁት በጢማቸው መሀል የሚያብረቀርቅ የቴርሞሜትር ብርጭቆ ብቻ ነው።

ዓባይነሽ የት እንዳለሁ ታውቃለች። አባቷን «አባ፣ በሩን እንዳይገፉት፤ ማጠፊያው ተበላሽቷል» አለቻቸው።

ሐምሌ 5

እዚህ ለመጻፍ እንኳ ያፍራል እጄ።

ዛሬ ቴርሞሜትሩን መስኮት ላይ ይዤ ቁጥሮቹን አነበብኩ። የሚጀምረው ከሠላሳ አምስት ነው። ለሰው የተሠራ ነዋ! ከሠላሳ አምስት በታች ያለ ፍጥረት ሁሉ ለርሱ እንደሌለ ነው። ከሰኔ ጀምሮ እንሽላሊት ስይዝ፣ ጅራት ስለቅም፣ «ሙቀት የላትም» እያልኩ ስጽፍ ከርሜያለሁ።

ወዲያው ሄጄ ለዓባይነሽ ልነግራት ወሰንኩ። ዝናቡ በቁሜ አበሰበሰኝ። መርፌ የምትቀቅልበት ምድጃ አጠገብ ወንበር ሰጠችኝ። «ጥናቱ እንዴት ነው መምህር?» አለችኝ።

«በጣም ጥሩ ነው። ትንሽ ማነጻጸር ይቀረዋል እንጂ።»

ቴርሞሜትሩን መልሼ እንደገና ተቀብዬ ተመለስኩ። ምን ነካኝ?

ሐምሌ 11

ዝናብ። መለስኩ። ወሰድኩ። ዝናብ።

ሐምሌ 20

ምላሴ ይቆረጥ።

ክብሪት ልገዛ አቶ ሙርጋ ሱቅ ገባሁ። አቶ ሙርጋ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚህ ሰው የሆነ ነጋዴ ነው፤ ወሬንም እንደ ጨው በችርቻሮ ያከፋፍላል። ከኪሴ ሳንቲም ያወጣሁ መስሎኝ የእንሽላሊት ጅራት ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ብብቱን፣ ባዜቃውን፣ ሁሉን ዘረገፍኩለት።

«ቴርሞሜትሩ የማነው?»

«የክሊኒኩ ነው።»

ሊሰጠኝ የያዘውን ክብሪት መልሶ አስቀመጠ። «ባለፈው ሳምንት ዓባይነሽ አፌ ውስጥ የከተተችው እርሱ ነው?»

«አላውቅም» ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን፣ «ቢሆንም እንኳ በአልኮል ይታጠባል» አልኩ። ከባንኮኒው ኋላ ሄዶ ተፋ። ተመልሶ መጥቶ ክብሪቱን ሰጠኝ፤ ደግሞ ሄዶ ተፋ።

ሐምሌ 24

የገበያ ቀን። ነቀምት በሙሉ ይተፋል። ቅቤ ሻጮቹ መሀል ሳልፍ አንዷ «ባርሲሳን ዱፌ፤ አፋን ቀበዳ!» አለች። መምህሩ መጣ፣ አፋችሁን ያዙ ማለቷ ነው። ሁሉም አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ወሬው ዲጋ ደርሷል። ከዚያ የመጣ አንድ ሰውዬ፣ ክሊኒኩ እንሽላሊት ማከም መጀመሩ እውነት እንደሆነ ጠየቀኝ። የታመመ ከብት አለውና እንስሳ ከተቀበሉ ሊያመጣው ነው።

ሐምሌ 27

ሕመምተኞቹ ቴርሞሜትር እንቢ ብለዋል። «እጅሽን ግንባሬ ላይ አድርገሽ ንገሪኝ» ይሏታል። የክሊኒኩ ኃላፊ ዓባይነሽን ቢሮ ጠሯት። ከሥራ ሊያባርሯት ነው ብዬ ግቢው ውስጥ ቆሜ ስቀልጥ ቆየሁ። ትንሽ ቆይቶ ከቢሮው የኃላፊዋ ሳቅ ተሰማ። ረጅም ሳቅ። በሰው እንጀራ እንዲህ ይሳቃል?

ስትወጣ፣ «በእኔ የተነሳ ነው፤ ለሕዝቡ አንድ ነገር አስረጂ» አልኳት።

«የማስረዳው ነገርስ ነበረኝ» አለች። «ለኃላፊዋ ነግሬያለሁ። ለገበያ ግን ከምነግር የእንሽላሊት ነርስ ብባል ይሻለኛል።»

ፊቷ ቀልቶ ነበር። ትርጉሙ አልገባኝም። ተናዳብኛለች ማለት ነው።

ነሐሴ 2

ወሬውን በተግባር ላጠፋ ቆርጬ ተነሳሁ። ክሊኒኩ በር ላይ ተሰልፎ በነበረው ሰው ሁሉ ፊት ቀይ ክር ያለውን ቴርሞሜትር አፌ ውስጥ አስገባሁ። «አያችሁ? ምንም አይደለም!» ልል ነበር፤ አፌ ተይዟል። አንዲት አሮጊት ፊታቸውን አዞሩ። አንዱ ሰልፉን ጥሎ ሄደ።

ዓባይነሽ መጥታ ከአፌ ነጠቀችኝ። አየችው። «ሠላሳ ዘጠኝ» አለች።

ባዜቃው በመጨረሻ በደንብ ተንቀሳቀሰልኝ። ወባዬ ነው። ትል

ነሐሴ 7

ከላይ ያለው ሳልጨርስ የወደቅሁበት ነው። አሁን ደህና ነኝ። ስንቀጠቀጥ እትዬ ሸዋርጋ አልጋዬን ጎትተው ከማድ ቤቱ ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ አስጠጉልኝ። ከግድግዳው ወዲያ እሳቱ ይነድዳል፤ ጭቃው ይሞቃል። ጀርባዬን ለጥፌበት ዋልኩ።

እላይ፣ ግድግዳውና ቆርቆሮው የሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ፣ ሁለት ትንንሽ ዓይኖች ያዩኛል። ጅራት የላትም። ያቺው ናት። እርሷም ጀርባዬን እንደለጠፍኩት ሆዷን ለጥፋለች።

ዓባይነሽ ኪኒን ይዛ ሁለት ጊዜ መጥታ ነበር አሉ። ተኝቼ ነበር። ለምን አልቀሰቀሱኝም?

ነሐሴ 9

ለካስ መለኪያ ጠፍቶ አይደለም። ባዜቃው ከሠላሳ አምስት በታች አይናገርም፤ ቅቤ ግን ይናገራል። ሲበርደው ይጠጥራል፣ ሞቅ ሲለው ይለሰልሳል፣ ሲብስ ይቀልጣል። እንሽላሊቷ በምትውልበት ስንጥቅ፣ በምታድንበት ግድግዳና በድንጋዩ አጥር ላይ ቅቤ በጣቴ ለጠፍኩ።

እትዬ ሸዋርጋ ያዩኝ ሦስተኛውን ስለጥፍ ነው።

«ምን ታደርጋለህ?»

«እለካለሁ።»

«በፍልሰታ? ክርስቲያኑ ሁሉ ጾሞ ግድግዳዬ ቅቤ ይብላ?»

ንስሐ አባታቸውን ጠርተው ቤቱን ጠበል ሊያስረጩ ነው። ቅቤው ግን እንዲነሳ አላደረጉም፤ «የተጀመረ ነገር ነው» አሉ። ማታ ፋኖስ ይዘው ሲያዩት አገኘኋቸው።

ነሐሴ 14

የኦቦ ዋቅወያ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ የሆነው ጎረቤቴ ኦቦ ሞረዳ በአጥር በኩል ጠራኝ። «መምህር፣ ከኑኑ ቁምባ አንድ ባለ ከብት ለኦቦ ዋቅወያ ሽማግሌ ልኳል። ለዓባይነሽ ነው» አለኝ።

«ምን ብለው መለሱለት?»

«ገና ነው። መስከረም ይጥባ ብለዋል። አንተ ግድግዳ ቅቤ ስትቀባ ሰው በቅሎ እየጫነ ነው።»

ምሳ አልበላሁም። ደደብ ነኝ። ፈሪ ነኝ። ይህንን መጻፍ ምን ይጠቅማል?

ነሐሴ 17

ጾሙ ተፈታ፤ እንቅልፍ ግን አልመጣም፤ ያገኘሁትን ልጻፍ።

ሰማዩ ከፈት ባለ ቀን ቆርቆሮው ይግላል፤ ስንጥቁ ውስጥ ያለው ቅቤ እንደ ዘይት ይፈስሳል። እንሽላሊቷ ታዲያ ትንሽ ወደ ውስጥ ሸሸት ትላለች። ሰማዩ ሲዘጋ ደግሞ ቆርቆሮውን ትታ ወደ ማድ ቤቱ ግድግዳ ትዞራለች፤ እዚያ ቅቤው ለስልሷል። ፀሐይን አታያትም፤ ፀሐይ ያሞቀችውን ግን ትሞቃለች። ቀኑን ሙሉ የተኛች የሚመስለን እኛ ነን እንጂ እርሷስ ሥራ ላይ ናት፤ ከሞቀ ወደ ለብ ያለ፣ ከለብ ያለ ወደ ሞቀ ጥጓን ትመርጣለች።

ማታ ፋኖሱ ዘንድ ስትወጣ ያለችበት ግድግዳ ቅቤ እንደ ጠጠር ነው። ሰውነቷም እንደ ግድግዳው ቀዝቅዟል፤ ነካሁት። ገበሎ በዚያ ብርድ ከድንጋዩ ሥር ተገትሮ ይቀራል፤ ጣቱን አያነሳም። እርሷ ግን የእሳት ራት ታሳድዳለች። ሙቀቱ ለርሷም የተሻለ ነው፤ ያለርሱ መሥራትንም ለምዳለች።

ገበሎ በአደባባይ ይሞቃል፤ እርሷ ከግድግዳ ኋላ። ከሚያሞቃት ነገር ፊት ለፊት መቆም አትደፍርም፤ ተጠግታው ግን ትውላለች። ይህን ስጽፍ የክሊኒኩ ምድጃ ትዝ አለኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

መልሱን ለዓባይነሽ መንገር አለብኝ። ከነገርኳት ግን ቴርሞሜትሩን የምወስድበት ምክንያት ያልቃል። ትንሽ ማነጻጸር ይቀራል።

መስከረም 6 ቀን 1956 ዓ.ም.

ሽማግሌ ላክሁ። ኦቦ ሞረዳ፣ አቶ ሙርጋና የእትዬ ሸዋርጋ ወንድም። አቶ ሙርጋን የጨመርኩት ያሠራጨውን ወሬ ራሱ ያስተካክለው ብዬ ነው፤ እርሱም «አፌን አጥቤያለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» ብሎኛል። ወንድምየው ጆሮአቸው ስለማይሰማ ሰው ትንፋሽ ሲወስድ «አሜን» ይላሉ።

እዚህ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጠይቀው። ቃሉን ሳያገኝ ወንበር አይነካም፣ እህል አይቀምስም። ወደ ቀትር ሦስቱም እግራቸውን እያሹ ተመለሱ። አልተቀመጡም።

«እንቢ አሉ?»

«እንቢም እሺም አላሉም» አለ ኦቦ ሞረዳ። «ጥያቄ አለኝ፣ ልጁ ራሱ መጥቶ ይመልስ አሉ።»

«እኔ? ከፊታቸው?»

«እኛም ነገርናቸው፤ እንዲህ ያለ ወግ የለም አልን። እንሽላሊት ለክቶ ሰው አፍ የሚያስገባ ወግስ አለ ወይ አሉን። ምን እንበል?»

«እኔማ አሜን አልኩ» አሉ የእትዬ ሸዋርጋ ወንድም።

መስከረም 9

ሄድን። ሽማግሎቼ እንደገና ቆሙ፤ እኔ ከኋላቸው። ኦቦ ዋቅወያ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዲ ነው። በላዩ አንድ ትንሽ ነገር ኮሽ ኮሽ እያለ ያልፋል፤ ሁላችንም ሰማን፤ ሁላችንም እንዳልሰማን ሆንን።

«አካም ቡልታን፤ እንዴት አደሩ» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ልጅ ቀጠነ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው» አሉ። «እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ሰኔ ላይ ታምሜ ክሊኒክ መጣሁ። ልጄ ያንን ብርጭቆ አፌ ውስጥ አደረገች። አንተ ከበሩ ኋላ ነበርክ፤ ጫማህን አይቼዋለሁ። ብርጭቆው ወደ አፌ የገባው ከእንሽላሊቷ ዱራ ሞ ቦዳ? በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

አቶ ሙርጋ ክርኑን ወደ ጎኔ ላከ። «በፊት» በል ማለቱ ነው። እኔም ልል ነበር። እውነቱን ከተናገርኩ ዓባይነሽን የማጣት በዚህች ቃል ነው። ግን ምሽቱን ለክቼ ጠዋት መመለሴን አውቃለሁ። የእኚህን ሰው ልጅ በውሸት ወስጄ ከፊታቸው ዕድሜ ልኬን ልሸሸግ ነው?

«ቦዳ» አልኩ። «በኋላ ነው አባቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አሜን» አሉ የእትዬ ሸዋርጋ ወንድም።

ኦቦ ዋቅወያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኦቦ ሞረዳ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ያን ጊዜ ዓባይነሽ የወተት ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዛ ገባች። እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ ልጅ አትገባም፤ አባቷ ዓይናቸውን ገልጠው ተቆጡ። እርሷ ትሪውን ፊታቸው አስቀመጠች። ከብርጭቆዎቹ መሀል ቴርሞሜትሩ አለ፣ ቀይ ክሩ እንደታሰረ።

«ኩን ማሊ? ይሄ ምንድነው?»

«የመምህሩ ነው አባ። የርስዎ ክር የለውም። የማንም ሰው ክር የለውም። ይሄ ከርሱ በቀር ለሰው ወጥቶ አያውቅም፤ የሚቀመጠውም እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ከተማው ሁሉ ሲተፋ ለምን ዝም አልሽ?»

ወለሉን አየች። ኦቦ ዋቅወያ ክሩን አነሱ፤ አገላብጠው አዩት፤ እርሷን አዩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የታሰረው?»

«ከግንቦት።»

«ከግንቦት!» አሉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወባው የተነሳባቸው መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ሳቅ ነው። ለካ እርሳቸው ገብቷቸዋል፤ አቶ ሙርጋም ገብቶታል፤ ኦቦ ሞረዳም ጢሙን እየዳበሰ ነው። እኔ ገና ክሩን እያየሁ ነበር።

«ክር አስራ፣ በቁልፍ ዘግታ ይዛዋለች፤ እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ?» አሉ ኦቦ ዋቅወያ። «ለኑኑ ቁምባው ሰው ይቅርታ እልክበታለሁ። ጃርሶሌ፣ ታኣ፤ ተቀመጡ።»

ሽማግሎቼ ተቀመጡ። ወተቱ ታደለ። የእትዬ ሸዋርጋ ወንድም ብቻ ምን እንደተባለ ስላልሰሙ ጎትተን አስቀመጥናቸው።

መስከረም 10

ትናንት ያልጻፍኩት አለ። ስንወጣ ዓባይነሽ እስከ አጥሩ በር ሸኘችን። ሽማግሎቹ ጨዋ ናቸው፤ ወደፊት ቀደም አሉ።

ያን ጊዜ የእንሽላሊቷን ነገር ነገርኳት፤ ስንጥቁን፣ ግድግዳውን፣ ቅቤውን፣ ሁሉን። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ የቀረኝን ሸክም አወረድኩ።

«ቴርሞሜትሩ ከሠላሳ አምስት በታች አያነብም። ለእንሽላሊት አይሆንም። ከሐምሌ ጀምሮ አውቄ ዝም ብያለሁ።»

«እኔ ከሰጠሁህ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ» አለች። አንተ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«ካወቅሽ ታዲያ ለምን ሰጠሽኝ?»

«ልትመልሰው ትመጣለህ ብዬ ነዋ።»

ከትሪው ላይ አንስታ ይዛው ኖሮ እጄ ውስጥ አስቀመጠችው። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ዝናቡ ቆሟል፤ ገበሎው አጥሩ ላይ ወጥቷል። ለባብሼ ልሂድና ልመልሰው።